«መድፈር» እና «ግንኙነት» በይግባኝ መዝገብ

ይግባኝ ሰሚ ዳኛ በአብዛኛው የሚፈርደው በተጻፈ መዝገብ ላይ ነው። ስለዚህ በአስገድዶ መድፈር ወንጀል ጥፋተኛ የተባለ ሰው ይግባኝ ባቀረበ ጊዜ፣ የሥር ፍርድ ቤቱ ጸሐፊ የመረጠው ቃል ከባድ ሚዛን ይደፋል። በዚህ ረገድ ሁለት ቃላት ሊመረመሩ ይገባል።

የመጀመሪያው «መድፈር» ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 620 ወንጀሉን «አስገድዶ መድፈር» ይለዋል። «ደፈረ» ጀግንነትንም ንቀትንም የሚገልጽ ግሥ ነው፤ ተሳቢው ሰው ሲሆን ክብርን መንካት ያመለክታል። ስያሜው እንግዲህ ስለ ተበዳይዋ ክብር ሲናገር ስለ ፈቃዷ ዝም ይላል። «አስገድዶ» የሚለውም አንባቢውን ቁስልና የተቀደደ ልብስ ወደ መፈለግ ይመራዋል። አንቀጹ ግን ብርቱ ዛቻን፣ ኅሊና ማሳትንና መከላከል እንዳትችል ማድረግንም ይጨምራል። በመሆኑም ርእሱ ከድንጋጌው ጠብቧል።

ሁለተኛው «ግንኙነት» ነው። ይህ ስም የወጣው «ተገናኘ» ከሚለው የተደራራጊ ግሥ ነው። ምስክሯ «እንዲህ አደረገኝ» ብላ አድራጊውንና ተደራጊውን ለይታ የተናገረችው፣ በመዝገብ «ግንኙነት አድርገዋል» ተብሎ ቢሰፍር ሁለቱም አድራጊዎች ይሆናሉ። የፈቃድ ክርክር ሳይጀመር ሰዋስው ይፈርዳል ማለት ነው።

ትርጉም በሚገባበት ቦታ ጉዳቱ ይበረታል። ለብዙ ዓመታት የደቡብ ክልል ርእሰ ከተማ የነበረችውን፣ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህም የሲዳማ ክልል መቀመጫ የሆነችውን ሀዋሳን እንመልከት። የደቡብ ክልል የሥራ ቋንቋ አማርኛ ሲሆን፣ ዞኖች በየራሳቸው ቋንቋ መሥራት ይችሉ ነበር። ስለሆነም በሲዳሙ አፎ የተሰጠ ቃል ሀዋሳ ወዳለው የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲቀርብ በአስተርጓሚ ብዕር ማለፍ ነበረበት። አስተርጓሚው «ደፈረኝ» ቢል ለዐቃቤ ሕግ፣ «ተገናኘን» ቢል ለይግባኝ ባዩ ያደላል።

የፈቃድ ጥያቄ ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ በአርሲ የታየው ጉዳይ ያስረዳል። በ1993 ዓ.ም. የ13 ዓመት ልጅ ጠልፎ በመድፈር የተከሰሰው ሰው በ1995 ዓ.ም. 10 ዓመት ተፈረደበት፤ በ1996 ዓ.ም. ግን የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ድርጊቱ በፈቃድ የተፈጸመ ይመስላል ብሎ ውሳኔውን ሻረው። የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን በ2008 ዓ.ም. የኢትዮጵያን መንግሥት ኃላፊ አድርጎ 150,000 የአሜሪካ ዶላር ካሣ እንዲከፈላት ወስኗል። ውሳኔው በቃላት ምክንያት ተሻረ አንልም፤ ይሁን እንጂ ነገሩ የተንጠለጠለው «ፈቃድ» በሚለው ቃል ላይ ነበር፤ ይህ ቃል ደግሞ ከወንጀሉ ስም ውስጥ የለም።

እንግዲህ «ደፈረ» የሚለው ለፍርዱ ማጠቃለያ ይተው። በምስክር ቃል ውስጥ የተነገረው ግሥ ከነባለቤቱና ከነተሳቢው ይጻፍ፤ በተተረጎመም ጊዜ የመጀመሪያው ቋንቋ ቃል ጎን ለጎን ይቀመጥ። መዝገበ ቃላት አዘጋጆችም «ያለ ፈቃድ» የሚለውን ራሱን የቻለ የሕግ ቃል አድርገው ይፍቱት። ይህ ለተበዳይዋም ለተከሳሹም እኩል ይበጃል።