ኪቦርዱን ሳይነኩ ማስተማር

ፕሮግራሚንግ የጀመረ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ላብራቶሪ ውስጥ ሲቸገር፣ ከመምህሩ ይልቅ በአንድ ዓመት የቀደመው ተማሪ ሊያስረዳው የሚችልበት ጊዜ ብዙ ነው። ሉፕ መቼ እንደሚቆም ለመምህሩ ግልጽ ከሆነለት ዘመን አልፏል፤ ጀማሪው የቱ ጋ እንደሚደናቀፍ አይታየውም። የሁለተኛ ዓመቱ ተማሪ ግን መደናቀፊያውን ገና አልረሳም። የቋንቋም ነገር አለ። ትምህርቱም የኮምፓይለሩ መልእክትም በእንግሊዝኛ ነው። ከአዲስ ዓለም ወይም ከጉደር መጥቶ ኮምፒዩተርን በቅጡ ያገኘው አምቦ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ለሆነ ልጅ፣ ጓደኛው በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ የሚሰጠው የሁለት ደቂቃ ማብራሪያ ከአንድ ሰዓት ሌክቸር ሊበልጥ ይችላል።

ተማሪ ተማሪን የሚያስተምርበት አሠራር ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት የኔታ ሁሉንም በየግሉ አያስቀጽሉም፤ ከፍ ያለው ተማሪ ታናሹን ያስቀጽላል፣ የኔታ ሰምተው ያርማሉ። ስታንፎርድም ከ1988 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የመግቢያ ፕሮግራሚንግ ኮርሶቹን አነስተኛ ክፍሎች የሚያስመራው በመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ነው። እኛ ዘንድ ቅርቡ ምሳሌ ኤቱኤስቪ (A2SV) ነው። የቀድሞው የጉግል ባለሙያ ኤምሬ ቫሮል በ2019 (እ.ኤ.አ.) የጀመረው ይህ ሥልጠና በአልጎሪዝምና በዳታ ስትራክቸር ላይ ያተኩራል፤ ቀድመው የሠለጠኑት ተከታዮቻቸውን ያስተምራሉ።

«አንድ ለአምስትስ ይህንኑ አልሞከረም?» የሚል ይኖራል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። አንድ ለአምስት ተማሪዎችን በቡድን የከፈለ፣ ከላይ የወረደ አደረጃጀት ነበር፤ ማስተማርን ሳያስተምር ጎበዙን መሪ አደረገ። ብዙ ጊዜ የሆነውም ጎበዙ አሳይመንቱን ሠርቶ የሌሎቹን ስም መጻፍ ነው። ችግሩ ላብራቶሪ ውስጥም በሌላ መልክ ይመጣል። አስረጂው ተማሪ እጁን ዘርግቶ ኪቦርዱን ይወስዳል፣ ስህተቱን ያርማል፣ ፕሮግራሙ ይሠራል፤ ጀማሪው የተማረው ጓደኛው ጎበዝ መሆኑን ብቻ ነው። ስለዚህ የዚህ ሙያ የመጀመሪያ ሕግ አለመንካት ነው። የሚጽፈው ተማሪው ይሁን፤ አስረጂው «ይህ መስመር ካለፈ በኋላ ቆጣሪው ስንት ይሆናል?» እያለ ይጠይቅ፣ መልሱንም ማሽኑ ከማሳየቱ በፊት ወረቀት ላይ ያስጽፍ። ቀላል ይመስላል። ይህንን መልመድ ግን ሪከርሽን ከማወቅ ይከብዳል፤ መልሱን የሚያውቅ ሰው ዝም ማለት አይወድም።

ከበድ ያለው ተቃውሞ፣ ተማሪ የተሳሳተ ነገር ያስተላልፋል የሚለው ነው። ማሽኑ ያርመዋል ብሎ ማለፍ አይበቃም። ባለ 5 ቦታ አሬይ ከ0 እስከ 4 ነው የሚቆጠረው፤ ሉፑ 5ን ጨምሮ ቢሄድ ሲ ፕላስ ፕላስ ብዙውን ጊዜ ያለ ቅሬታ ያልፈዋል፣ አንዳንዴም ትክክል የሚመስል ውጤት ይወጣል። ይህንን «ሠርቷልኮ» ብሎ የሚያልፍ አስረጂ ስህተቱን ለሠላሳ ሰው ያወርሳል። መድኃኒቱ የኔታ የያዙት ቦታ ነው፦ መምህሩ በየሳምንቱ ከአስረጂዎቹ ጋር ተቀምጦ የሚቀጥለውን ላብ አስቀድሞ ያሠራቸው፣ ምን ብለው እንደሚያስረዱም ይስማ። ማርክ መስጠትም የመምህሩ ሥራ ሆኖ ይቀጥል፤ ጓደኛ ማርክ የሚሰጥ ከሆነ ጀማሪው ያልገባውን መደበቅ ይጀምራል።

መምህር ለመቆጠብ የተፈለሰፈ ዘዴ ነው ለሚሉትም መልሱ ክፍያው ላይ ነው። ስታንፎርድ ክፍል ለሚመሩት ተማሪዎች ይከፍላል፣ አዲሶቹንም ስለ ማስተማር ኮርስ ያስወስዳል። የእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ገንዘቡን ባይችሉ እንኳ ሥራውን በክሬዲት ሰዓት ቆጥረው ትራንስክሪፕት ላይ ማስፈር ይችላሉ።