ከጀርባቸው ያለው በርሜል

«ቤት ውስጥ የተከማቸ ውኃ አለ?» ብዬ በኦሮምኛ ጠየቅኋቸው።

«ኧረ የለም!» አሉ የቤቱ እመቤት አዴ። ቅር መሰኘታቸው ያስታውቃል።

ከጀርባቸው፣ ከግድግዳው ጥግ፣ ሁለት መቶ ሊትር የሚይዝ ሰማያዊ በርሜል ቆሟል። አጠገቡ ቢጫ ጀሪካኖች ተደርድረዋል፤ አንደኛው ክዳን የለውም። እኔም በርሜሉን እያየሁ «የለም» ከሚለው ፊት ምልክት አደረግሁ። በመረጃ ሰብሳቢዎች ሥልጠና ላይ «መላሹ ያለውን ጻፉ፤ ከራሳችሁ አትጨምሩ» ተብለን ስለነበር ደንቡን አክብሬ ወጣሁ። ያን ቀን በድሬዳዋው ገንደ ቆሬ ሰፈር ውስጥ ያንኳኳሁት በር ሁሉ ማለት ይቻላል ያንኑ መለሰልኝ። የቧንቧ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ፣ በእኔ ወረቀት መሠረት፣ ውኃ የሚያጠራቅም ሰው ጠፋ።

ማታ ወረቀቶቹን ሳገላብጥ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በማግሥቱ ያለ መጠይቅ፣ እጄን እያወዛወዝሁ ተመልሼ ሄድሁ። አዴ ሻይ ጣዱልኝ። ውኃውን የቀዱት ከበርሜሉ ነው። «ትናንት የተከማቸ ውኃ የለም ብለውኝ አልነበር?» ስላቸው ሳቁብኝ። «አንተ የጠየቅኸኝ ስለ ቢሻን ጪሳ ነው፤ እሱማ ትንኝ የሚራባበት ቆሻሻ ነው። ይሄ የምንጠጣው ነው እኮ!»

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ቢሻን ጪሳ ቃል በቃል «የተኛ ውኃ» ማለት ነው፤ በአማርኛ ያቆረ ውኃ የምንለው። አማርኛው መጠይቅ ላይ «የተከማቸ» የሚለውን ሳይ፣ ከየጤና ቅስቀሳው በጆሮዬ የቀረው የኦሮምኛ ቃል ቀድሞ ምላሴ ላይ መጣ። ያ ቃል ግን በሰው ልብ ውስጥ የራሱን ሥዕል ይዞ ተቀምጧል፤ መንገድ ዳር ያለ ኩሬ፣ አሮጌ ጎማ ውስጥ የቀረ ዝናብ። በርሜል ሀብት ነው። ንጹሕ እመቤት «ቤትሽ የተኛ ውኃ አለ?» ስትባል «የለም» ማለቷ ክብሯን መጠበቋ ነው።

ለድሬዳዋ ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ የዴንጌ ትኩሳት በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በወረርሽኝነት የተረጋገጠው እዚሁ ነው። በ2011 ማብቂያና በ2012 መባቻ ቺኩንጉንያ ከተማዋን ሲያዳርስ ከ40,000 በላይ ሰው ታመመ። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ ሰው ባጠራቀመው ውኃ ውስጥ ትራባለች። በ2016 እ.ኤ.አ. ቀብሪ ደሃር ላይ መጀመሪያ የታየችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባለው የወባ ትንኝም እንደዚያው የበርሜልና የታንከር ወዳጅ ናት። በ2014 ዓ.ም. በበጋ ድሬን የመታውን የወባ ወረርሽኝ ተመራማሪዎች ከእሷ ጋር አያይዘውታል። እኔ «የለም» ብዬ የሞላሁት ሳጥን እንግዲህ ትንኟ የተደበቀችበት ሳጥን ነው።

ጥያቄውን ቀየርነው። «ለመጠጥና ለማጠቢያ ውኃ በምን ትይዛላችሁ? እስቲ ያሳዩኝ።» አዴ በኩራት ተነሥተው በርሜላቸውን አሳዩኝ።

በአስተርጓሚነትና በመረጃ ሰብሳቢነት ድሬ ላይ ዓመታት አሳልፌያለሁ፤ ከዚያች ቀን የበለጠ ያስተማረኝ ሥልጠና ግን የለም። የማላውቀው ቃል አሳስቶኝ አያውቅም። ሳላውቅ እጠይቃለሁ፤ ጠይቄ እረዳለሁ። ያሳሳተኝ ሁልጊዜ የማውቀው ቃል ነው።

የድሬ ልጅ ደግሞ የሚያውቀው ቃል ብዙ ነው። ከተማዋ ራሷ የተቆረቆረችው በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር ወደ ሐረር ተራራ መውጣት አቅቶት ሜዳው ላይ ሲቆም ነው። የባቡሩ ቢሮ ፈረንሳይኛ ይናገር ነበር፤ ፉርጎና ለገሀር ዛሬም አፋችን ላይ ያሉት ለዚህ ነው። ከደቻቱ ወንዝ ወዲያና ወዲህ፣ በከዚራና በመጋላ ሰፈሮች፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ አማርኛ፣ ሐረሪ፣ ዐረብኛ ተደባልቀው አደጉ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ341,834 ነዋሪ ኦሮሞው 46 በመቶ፣ ሶማሌው 24 በመቶ፣ አማራው 20 በመቶ ገደማ ነበር። የአስተዳደሩ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። ቀፊራ ገበያ ላይ ግን አንድ ሽንኩርት ሻጭ በአንድ ዋጋ ክርክር ሦስት ቋንቋ ስትቀያይር ዞር ብሎ የሚያያት የለም።

ይህ ጸጋ ወጥመድም አለው። «መጋላ» የሚለውን ስም ራሱን እንይ። የሐረር ሰው ፈረስ መጋላ ሲል የፈረስ ገበያ ማለቱ ነው። ሶማሌው «መጋሎ» ሲል ከተማ ማለቱ ነው። አንዱ «መጋላ እንገናኝ» ሲል ሌላው ራሱን ይነቀንቃል፤ ሁለቱም ተግባብተዋል። አንዱ ግን ገበያ ቆሞ ይጠብቃል።

የአስተርጓሚ ሙያ በቃል አያበቃም፤ ሰው ከሰው አንጻር የሚቆምበት ቦታም አለ። እንግሊዝኛ አንድ «አንተ» አለው። አማርኛችን አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ እናንተ ብሎ ይከፍለዋል። ሶማሊኛ በተለመደው አነጋገር ለሕፃኑም ለሽማግሌውም «አዲጋ» ይላል፤ አክብሮቱን የሚያኖረው ሌላ ቦታ ነው። አንድ ጊዜ አንድ የሶማሌ ሽማግሌ ለአንድ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ አቤቱታ ሲያሰሙ አስተረጎምሁ። እኔም ወጣት ነበርሁና «ታማኝ ትርጉም» ብዬ ያሉትን እንዳለ አወረድሁት፤ «አጎቴ፣ አንተ ቃል ገብተህልን ነበር።» የኃላፊው ፊት ተለወጠ። በዕድሜ የሽማግሌው ልጅ ቢሆን ነው፤ «አጎቴ» ሲባል የተላገጠበት መሰለው፣ «አንተ» ሲባል የተደፈረ።

ሽማግሌው ያሉት «አዴር» ነው። አዴር የአባት ወንድም ነው። ሶማሌ ግን ይህን ስም በሁለት አቅጣጫ ይልከዋል፤ ልጁ አጎቱን አዴር ይላል፣ አጎትየውም መልሶ ልጁን አዴር ይለዋል። አማርኛ ተናጋሪ እናት ልጇን «አባቴ»፣ «አባዬ» እያለች የምታባብለው ዓይነት ነው። እናትዬዋን «ልጅሽ አባትሽ ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሽማግሌው በፍቅር ያሉትን ቃል እኔ ስድብ አድርጌ አቀበልሁት። ዛሬ ያንኑ ንግግር ባስተረጉም «ልጄ፣ እርስዎ ቃል ገብተውልን ነበር» እላለሁ። ሰዋስው የሚወድ ሰው «ልጄ» እና «እርስዎ» አብረው አይሄዱም ሊለኝ ይችላል። ከሽማግሌው አንጀት የወጣው ግን ያ ነው፤ ፍቅርም ክብርም።

በሥራ ቦታ ደግሞ ከቃል ሁሉ የከበደኝ «እሺ» ነው። አጭር ነው፣ ድሬ ላይ የማይገባው ሰው የለም፣ የውጭ ዜጎችም ከሁሉ በፊት የሚለምዱት እሱን ነው። አንድ የግንባታ ሥራ ላይ ከውጭ የመጣ መሐንዲስ ፎርማኑን «ነገ ጠዋት አርማታው ይሞላ» አለው። ፎርማኑ «እሺ፣ ኢንሻአላህ» አለ። እኔ ለመሐንዲሱ «አዎ» ብዬ አስተላለፍሁ። በማግሥቱ ሲሚንቶው አልደረሰም፤ ፎርማኑም እንደማይደርስ ትናንቱኑ ያውቅ ነበር። መሐንዲሱ ጮኸ። ፎርማኑ ተከፋ። «እሺ አልሁት እንጂ ይደርሳል መች አልሁት?» አለኝ፤ እውነቱን ነው።

የእኛ «እሺ» ብዙ ጊዜ «ሰምቼሃለሁ፣ አክብሬሃለሁ» ነው። አለቃን በሰው ፊት «አይቻልም» ማለት ፊት መንሳት ነው፤ ስለዚህ «እሺ» እንላለን፣ ችግሩን በኋላ ዘወር አድርገን ለብቻው እንነግረዋለን። ያ «በኋላ» እስኪመጣ ግን መሐንዲሱ መኪና አዝዟል፣ ሠራተኛ ጠርቷል።

የዚህ ዓይነቱ ቃል ዋጋ ምን ያህል ሊሆን እንደሚችል የዓለም አብራሪዎች በሐዘን ያውቁታል። በመጋቢት 1977 እ.ኤ.አ. በቴኔሪፍ ደሴት አውሮፕላን ማረፊያ፣ በጉም ውስጥ፣ የኬኤልኤም አውሮፕላን አብራሪዎች ለመነሣት መዘጋጀታቸውን በሁለት መንገድ ሊተረጎም በሚችል አነጋገር ተናገሩ። ተቆጣጣሪው «ኦኬ» አለና «ቆዩ» የሚለውን አስከተለ፤ ያ የኋለኛው ቃል ግን ከሌላ ድምፅ ጋር ተጋጭቶ በሚገባ አልተሰማም። አውሮፕላኑ ገሠገሠ፤ ከፓን አም አውሮፕላን ጋር ተላተመ። 583 ሰው ሞተ። ከዚያ ወዲህ በበረራ ቋንቋ ውስጥ ትእዛዝን በ«ኦኬ» መቀበል አይበቃም፤ የተባለውን ቃል መልሶ ማንበብ ግድ ነው።

እኔም ከአርማታው ቀን ወዲህ «እሺ»ን «አዎ» ብዬ አላስተረጉምም። ለመሐንዲሱ «ሰምቶሃል፤ ይችል እንደሆነ ገና አልነገረህም» እለዋለሁ። ከዚያ ፎርማኑን «በስንት ሰው? ሲሚንቶው ከየት ይመጣል? በስንት ሰዓት?» ብሎ እንዲጠይቅልኝ መሐንዲሱን እገፋፋዋለሁ። ሰዓቱንም «በእኛ ሁለት ሰዓት፣ በእሱ ስምንት» ብዬ ሁለቱንም እናገራለሁ። ለዚህች ለመጨረሻዋ ብዙ ሰው ይስቅብኛል። ይሳቅ፤ ስድስት ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆሞ የጠበቀ ሰው ግን አይስቅም።

የምርምር ሰዎች ለዚህ ሁሉ አንድ መድኃኒት አላቸው፤ መልሶ መተርጎም። አንዱ ከእንግሊዝኛ ወደ ሶማሊኛ ይተረጉማል፣ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰዋል፣ ሁለቱ ይነጻጸራሉ። ሪቻርድ ብሪስሊን የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር በ1970 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ዘዴ ከጻፈ ወዲህ በየጥናቱ የተለመደ ሆኗል። ጥሩ ወንፊት ነው፤ ቀዳዳው ግን ሰፊ ነው። «ቤተሰብ» የምትለዋን ቃል አሳልፈን እንይ። ኦሮምኛው «ወራ» ይላታል፣ ሶማሊኛው «ሬር»። ሁለቱም ወደ እንግሊዝኛ ሲመለሱ ያው «ቤተሰብ» ሆነው ይመጣሉ፤ ፈተናውን አለፉ። ደጃፍ ላይ ግን አማርኛ ተናጋሪዋ አዲስ አበባ የሚማረውን ልጇን ትቆጥራለች። ሶማሌው አባወራ «ሬር» ሲባል፣ ቃሉ ከሚስቱ ቤት አንሥቶ እስከ ጎሣው ይሰፋበታልና «የትኛውን ነው የምትለው?» ብሎ ያፈጣል። የፈለግነው ትናንት ማታ ከአንድ ድስት የበላውን ሰው ቁጥር ነበር። ታዲያ ለምን እንደዚያው ብለን አንጠይቅም? «ትናንት ማታ እዚህ ቤት ያደረና የበላ ስንት ሰው ነው?»

ሌላም ጣጣ አለ። አማርኛ በፊደላችን ይጻፋል። ሶማሊኛ ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ኦሮምኛም በይፋ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በላቲን ነው። ሶማሊኛው እንደ ወንዝ የሚፈስ፣ የተማረው ግን በአማርኛ የሆነ መረጃ ሰብሳቢ ብዙ ነው። የሶማሊኛውን ወረቀት ይዞ ይወጣል፤ ደጅ ሲደርስ ንባቡ ስለሚጎተትበት አማርኛውን ገልጦ በአፉ ይተረጉማል። ያ ሁሉ የተደከመበት ትርጉም ቦርሳ ውስጥ ይቀራል። እኔ አዴን የጠየቅሁት በዚህ መንገድ ነበር። ስለዚህ አሁን ማንም ለመስክ ከመውጣቱ በፊት ጥያቄዎቹን ጮክ ብሎ እንዲያነብ አደርጋለሁ፤ የሚያሳፍር ቢሆንም።

አማርኛ የቃልን ትርጉም «ፍቺ» ይለዋል፤ ከመፍታት የመጣ ነው። ኦሮምኛውም «ሂካ» ይላል፤ እሱም ከመፍታት ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይመካከሩ ትርጉምን እንደ ቋጠሮ ማየታቸው ደስ ይለኛል። ቋጠሮ ደግሞ ከውጭ ሲያዩት ምን እንደያዘ አይታወቅም። ሰፈሩ ያውቃል፣ ባለቤቷ ታውቃለች። እኔ ያለኝ ሥልጣን «እስቲ ፍቱልኝ» ማለት ብቻ ነው።

ሰሞኑን ለአዲስ መረጃ ሰብሳቢዎች ሥልጠና ሰጠሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ስለ በርሜሉ፣ ስለ አዴር፣ ስለ «እሺ» ለፈለፍሁ። ከሰዓት በኋላው ሙቀት በርትቶ፣ ማራገቢያው ሞቃት አየር እየገፋ፣ ዓይኖች ሁሉ ከብደው ሳለ ወረቀቴን ሰበሰብሁና «ገባችሁ?» አልኋቸው።

«እሺ!» አሉኝ ባንድ አፍ።

ወረቀቴን መልሼ ጠረጴዛው ላይ አኖርሁ። ወንበር ስቤ በሩ አጠገብ ተቀመጥሁና ለቅርቧ ልጅ መጠይቁን አቀበልኋት። «እኔ የቤቱ ባለቤት ነኝ» አልኋት፤ «ውጪና አንኳኪ።»