እንደ የትኛው ወተት?

ሰሞኑን አንድ ወጣት፣ የመጀመሪያ የፕላስቲክ አውሮፕላን ሞዴሉን በብሩሽ ቀብቶ ያልረካ፣ «ጋሼ፣ የትኛውን ኤርብራሽ ልግዛ?» አለኝ። ኢዋታ ይሻላል ባጀር? መርፌው 0.2 ይሁን 0.3? ይህን የማይጠይቅ ጀማሪ አይቼ አላውቅም፤ የእኔም መልስ ተለውጦ አያውቅም። ባለ 0.3 ሚሊ ሜትር፣ የቀለም ጽዋው ከላይ የተቀመጠ፣ ማስነሻው ሲጫኑት አየር፣ ወደ ኋላ ሲስቡት ቀለም የሚሰጥ ይሁን እንጂ የማንም ፋብሪካ ይሁን። በተረፈህ ገንዘብ የፕላስቲክ ማንኪያ በእሽግ ግዛበት አልኩት። የቀለድኩበት መሰለው።

ጀማሪን የሚያሰቃየው መሣሪያው ሳይሆን የቀለሙ ውፍረት ነው። ይህን ስለው ደግሞ የሰማውን ደገመልኝ፤ «እንደ ወተት አድርጌ አቀጥነዋለሁ።» ሁሉም የሚለው ይህንኑ ነው። ግን እንደ የትኛው ወተት? አሁን እንደታለበው የላም ወተት ነው? ወይስ እዚህ ቨርጂኒያ በካርቶን እንደሚሸጠው፣ ቅባቱ ተገፍፎ ውኃ ውኃ እንደሚለው? በአንደኛው ልክ ያቀጠነ ሰው መርፌው ሲደፈን ይውላል፤ በሁለተኛው ልክ ያቀጠነ ደግሞ ቀለሙ በክንፉ ላይ ሲንዠቀዠቅ ያያል። ሁለቱም «እንደ ወተት ነው ያደረግኩት» ብለው ይምላሉ።

ደግሞስ ቀለም ሁሉ መች አንድ ሆነና! የታሚያን አክሪሊክ በራሱ ቲነር ግማሽ በግማሽ ጀምረህ ትንሽ ትንሽ ትጨምርበታለህ። እንደ ሚስተር ከለር ያለው ላከር ብዙ ጊዜ ከዚያም በላይ ቲነር ይፈልጋል። ቫሌሆ ግን በውኃ የሚቀጥን ነው፤ አልኮል ወይም የጋራዥ ቲነር የነካው እንደሆነ ይጓጉላል፤ ያ ወተት የተባለው እርጎ ሆነ ማለት ነው፣ ኤርብራሹንም ፈታትቶ ማጠብ ይመጣል። ነጭ ከሁሉም ያስቸግራል። ዱቄቱ ከባድ ስለሆነ ጽዋው ሥር ይዘቅጣል፤ ቀብተህ ሳትጨርስ ደጋግመህ ማማሰል አለብህ።

ማንኪያው እዚህ ላይ ነው የሚያስፈልገው። ግፊቱን ከ15 እስከ 20 ፒኤስአይ አድርገህ፣ ቀርበህ ማንኪያው ጀርባ ላይ ንፋ። ቀለሙ እግር አውጥቶ በየአቅጣጫው ከተራወጠ ቀጥኗል፣ ወይም ግፊቱ በዝቷል። ደርቆ በጣት ሲዳሰስ ከሻከረ ወፍሯል። የሚፈለገው፣ ርጥብ ሆኖ አርፎ ለአፍታ ካብለጨለጨ በኋላ ዓይንህ እያየ የሚፈዝዘው ነው። ይህን በማንኪያ ያላየ ሰው በሞዴሉ ላይ አያየውም።

አገሩም ልኩን ይለውጠዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፤ በጥር አየሩ እጅግ ደረቅ ነው። እዚያ አክሪሊክ መርፌው ጫፍ ላይ እንዳለ ይደርቃል፤ ማድረቁን የሚያዘገይ ፈሳሽ ጠብ ካላደረጉበት አይሆንም። እዚህ በነሐሴ ተቃራኒው ነው፤ አየሩ እርጥበት ስላለው ውኃው ቱቦው ውስጥ ይጠራቀምና ክንፉ ላይ ይተፋል። ውኃ መያዣ የሌለውን ኮምፕሬሰር በስጦታም አልቀበል።

«እጅ ያለው ሰው በብሩሽ ይሠራል፤ መሣሪያውስ ለሰነፍ ነው» የሚል ወዳጅ አለኝ። ሰውየው የ1/35 ወታደር ፊት ሲቀባ ሽበቱና ድካሙ ሳይቀር ይታያል፤ ፊት የብሩሽ ነው፣ በዚህ አልከራከረውም። ግን ነጭ አውሮፕላንስ? በ1/144 ልክ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ የሆነ የቀለም ንጣፍ በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ ቢሆን 1.4 ሴንቲ ሜትር ይወፍራል። ጣት የሚያህል ቀለም ተቀብቶ የሚበር አውሮፕላን የት አለ? ይህን ባልኩት ቁጥር ወሬውን ወደ ፖለቲካ ያዞረዋል።

እኔ ደጋግሜ የምሠራው የኢትዮጵያ አየር መንገድን 787 ነው፤ አየር መንገዳችን በ2012 እንደ ፈረንጆቹ ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበውን። ጭራው ላይ ያለው አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ የዋዛ አይደለም። ቢጫ ከሥሩ ያለውን መደበቅ አይችልም፤ ግራጫ ፕራይመር ላይ ካረፈ የታመመ ይመስላል። ስለዚህ መጀመሪያ ነጭ፣ ቀጥሎ ቢጫ፣ ከዚያ ቴፕ እየለጠፍኩ ቀይ፣ መጨረሻ አረንጓዴ። አቋራጭ የለውም።

የሌሊት ሥራዬን ጨርሼ ስገባ ቤተሰቡ ተኝቶ ነው የሚጠብቀኝ። መስኮቱን ከፍቼ፣ የላከሩ ጭስ እንዳይጎዳኝ ባለማጣሪያውን ማስክ ካጠለቅኩ ስልክ አላነሳም። ከአገር ቤት የሚደውሉም ለምደውታል፤ «ቀለም ላይ ነው» ይባባላሉ። በዚህ አገር ማንም ሳይቆጣኝ የማልገኝበት ሰዓት ይኸው ብቻ ነው።

ቀለምን ያወቅኩት ግን በአጎቴ ነው። ጋራዥ ውስጥ መኪና ይቀባ ነበር፤ ስለ ስፕሬይ ሽጉጡ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። ቀለሙን በእንጨት ያማስልና ከፍ ያደርገዋል፤ የሚወርደው ክር ተበጥሶ ጠብ ጠብ እስኪል በአፉ ይቆጥራል። ቁጥሩ ካልጣመው ባለመኪናው ቆሞ ቢለምነውም አይጀምርም።

አገር ቤት ስገባ አንዱን 787 በእጄ ይዤለት ሄድኩ። መስኮት አጠገብ ወስዶ አገላበጠው፣ አውራ ጣቱን በጀርባው ላይ አሳለፈ።

«በስንት አቀጠንከው?»

«አንድ እጅ ቀለም፣ ሁለት እጅ ቲነር።»

«ወፍሯል።»

አቦል ላይ የጀመርነው ክርክር በረካ ላይም አላለቀም። አልወፈረም።