መጁን ከመፋቄ በፊት ጫማውን አያለሁ

መጅ አላራምድ ያለው ሰው አልጋው ላይ ገና ሳይቀመጥ «ሲስተር፣ ከነሥሩ ንቀዪልኝ» ይለኛል። ሥር ግን የለውም። ቆዳ በአንድ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ሲፈተግና ሲጫን ራሱን ለመከላከል ይደነድናል፤ ጫናው ጠባብ ቦታ ላይ ካረፈ ደግሞ የደነደነው ሾጥጦ እንደ ችንካር ወደ ውስጥ ይገባል። ነርቭ ላይ ሲያርፍ ያቃጥላል፣ ይወጋል።

ስለዚህ ምላጭ ከማንሳቴ በፊት ታካሚውን ባዶ እግሩን ወረቀት ላይ አቆመዋለሁ። የእግሩን ዙሪያ በእርሳስ እከብና ጫማውን ከላይ አስቀምጥበታለሁ። «ቁጥሩ ልኬ ነው» ሲል የነበረው ሰው የእርሳሱ መስመር ከጫማው ወጥቶ ሲያይ ዝም ይላል። ቁጥር ርዝመትን ይነግረናል እንጂ ጣቶች ስለሚተኙበት ስፋት ብዙ አይነግረንም። ትንሿ ጣት ላይ የወጣ መጅ አብዛኛውን ጊዜ አፍንጫው የሾለ ጫማ ሥራ ነው፤ ከጣቶች ግርጌ፣ መርገጫው ላይ የወጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ የረጅም ታኮ። ልባሽ ጫማ ላይ በተለይ እጠረጥራለሁ፤ የሌላ ሰው እግር ቅርጹን አስይዞታልና።

በአራተኛውና በአምስተኛው ጣት መካከል የሚወጣው ያሳስታል። ላብ ስለሚያርሰው ነጭና ለስላሳ ነው፤ ፈንገስ ነው ተብሎ ወራት ሙሉ ቅባት ሲቀባ ይከርማል። ኪንታሮትም ከመጅ ጋር ይምታታል። መጅ ከላይ ሲጫኑት ያማል፣ ኪንታሮት ከግራና ከቀኝ ሲቆነጥጡት ይብስበታል፤ ሲፋቅም ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች ይታዩበታል።

መፋቁ ራሱ ትዕግሥት እንጂ ጉልበት አይፈልግም። ምላጩን አጋድሜ ስስ ስሱን አነሳለሁ። የሞተ ቆዳ ስለሆነ አያምም፣ አይደማም፤ ሮዝማው ቆዳ ብቅ ሲል እጄን እሰበስባለሁ። መሃሉ ላይ ያለው ጠጣር ጫፍ ሲወጣ ሰውየው እዚያው ቆሞ ይረግጥና ይመርቀኛል። ምርቃቱን እቀበላለሁ፤ ጫማው ካልተቀየረ ግን መጁ ይመለሳል።

ቤት ውስጥ እግርን ለብ ባለ ውሃ መንከር፣ በተረከዝ ድንጋይ ቀስ ብሎ መፈግፈግና ቫዝሊን መቀባት ይበቃል። በጢም ምላጭ መቁረጥን አጥብቄ እቃወማለሁ። ከፋርማሲ የሚገዛው የሳሊሲሊክ አሲድ ፕላስተርም የሞተውን ቆዳ ብቻ መርጦ አይበላም፤ ጤነኛውንም ያቆስላል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ጨርሶ ባይነካው እመርጣለሁ። ነርቩ ከደነዘዘ ቁስሉ አይሰማውም፤ መጁ ሥር ቁስል ተደብቆ የመጣበት እግር አይቻለሁ። አለርት ሆስፒታል የሥጋ ደዌ ነርቩን ላደነዘዘው እግር የሚስማማ ጫማ በራሱ ወርክሾፕ የሚሠራው ያለ ምክንያት አይደለም።

ከሁሉ የሚያስቸግሩኝ «መሥሪያ ቤቴ ታኮ ያስገድደኛል» የሚሉኝ ወጣት ሴቶች ናቸው። ደንቡን ያወጣው ሰው አንድ ቀን ሙሉ አድርጎት ቢውል ደስ ይለኛል። እስከዚያው ግን፣ እህቴ፣ ታኮውን በቦርሳ ያዢውና መንገዱን በዝርግ ጫማ ሂጂ፤ ታኮ ጫማው ቆዳ ከሆነ ጫማ ሰፊ ጋ ወስደሽ ትንሿ ጣት የምታርፍበትን ቦታ በፎርማ አስወጥሪው። አዲስ ስትገዢም እግር አበጥ በሚልበት ከሰዓት በኋላ ለኪ፣ ሁለቱንም እግር አድርገሽ።