ዳንቴል የለበሰው ቴሌቪዥን

ሰው ቤት ስገባ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው ቴሌቪዥኑ ላይ ነው። ጥሩ ጠባይ አለመሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ምን ላድርግ፣ የቤቱ ወንበር ሁሉ ወደዚያው ዞሮ ነው የሚጠብቀኝ። ባለፈው ጊዜ አንዲት የድሮ ጎረቤታችንን ልጠይቅ ብዬ ኮንዶሚኒየማቸው አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። (ከልጅነቴ ጀምሮ እትዬ ነው የምላቸው፤ እዚህም እትዬ ይሁኑ።) ትንፋሼን ሰብስቤ ቀና ስል ሁለት ቴሌቪዥን አየሁ። አንዱ ሌላው ላይ ተቀምጧል። የላይኛው ስስ፣ ሰፊ፣ ጥቁር ነው። የታችኛው ጀርባው እንደ ሻኛ የወጣ፣ ባለ 21 ኢንች፣ የድሮው። ነጭ ዳንቴል ለብሷል፤ ዳንቴሉ ታጥቦ ተተኩሷል። ሟቹ አዲሱን ተሸክሞ ቁጭ ብሏል።

«እትዬ፣ ይኼ ይሠራል እንዴ?»

«ኧረ ከጠፋ ስምንት ዓመቱ።»

«ታዲያ ለምን አይወጣም?»

«ምን ሲደረግ! ሶኒ እኮ ነው።»

ካልበራ ሶኒነቱ ምን ይጠቅማል ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ይህ የእትዬ ጠባይ ብቻ አይደለም። የስንቶቻችን ቤት ነው አልጋ ሥር፣ ቁም ሣጥን ላይ፣ በረንዳ ጥግ እንዲህ ያለ መቃብር ያለው? ሪሞቱ ከነላስቲኩ፣ አንቴናው ከነሽቦው፣ የምን እንደሆነ የተረሳ ገመድ በጥቁር ፌስታል። ቤት ስንቀይር እንኳ ተሸክመነው እንሄዳለን። ያን ሣጥን አራተኛ ፎቅ ድረስ ላወጡት ልጆች ስንት እንደተከፈላቸው እትዬን አልጠየቅኋቸውም። የኔ ቤት ቁም ሣጥን ላይ ስላለው ነገርም እሳቸው አልጠየቁኝም፤ ተቻቻልን።

ደግሞም ቶሎ መሳቅ ደግ አይደለም። ቴሌቪዥን እዚህ አገር ሥርጭት የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ የጥቂት ቤቶች ዕቃ ሆኖ ቆየ። የኔ ዕድሜ ሰው ቴሌቪዥን ያየው ቤቱ ገብቶለት ሳይሆን በሰው መስኮት ነው፤ ያውም ጎረቤት መጋረጃውን ካልዘጋ። እ.ኤ.አ. በ1984፣ ኢሠፓ በተመሠረተበት ዓመት፣ የቀለም ሥርጭት ሲመጣም ብዙው ቤት የነበረው ሣጥን ቀለም የማያውቅ ነበርና ጥቁርና ነጩን ማየቱን ቀጠለ። እንዲህ ባለ አገር ቴሌቪዥን መግዛት ዕቃ መግዛት ብቻ አልነበረም። በር ያለው፣ በቁልፍ የሚቆለፍ ቴሌቪዥን የነበረው እኮ ሌባ ፈርቶ ብቻ አይደለም።

የእትዬ ሶኒ ከቤይሩት ነው የመጣው፤ በ1988 ዓ.ም.። ሁለተኛዋ ልጃቸው ሰው ቤት ተቀጥራ ካጠራቀመችው ቴሌቪዥንና ቪዲዮ ዴክ ገዝታ፣ አገር ለሚገባ ሰው አደራ ብላ ላከች። ልብስ ማጠብ አለ፣ ልጅ ማሳደግ አለ፣ ደመወዝ ሳይከፈል የሚያልፍ ወር አለ። ልጅቷ ስትመለስ ሃያዎቹ ዕድሜዋ እዚያው ቀርቶ ነበር። «ይኼን ጣይ ሲሉኝ እሷን ጣያት ያሉኝ ይመስለኛል» አሉኝ እትዬ። ከዚያ በኋላ ስለ ቴሌቪዥኑ ትንፍሽ አላልኩም። እኔም ብሆን አልጥለውም።

ታዲያ ወቀሳዬ ምን ላይ ነው? ዴኩ ላይ ነው።

«ዴኩስ የት ደረሰ?» አልኳቸው።

«እሱማ ለልዋጭ ሰጠሁት። ካሴት የሚያይ የለ፣ ቦታ ይይዛል ብዬ። ሳፋ ሰጡኝ።»

ሳፋው መታጠቢያ ቤት ውስጥ አለ። ሰማያዊ ነው፤ አይቼዋለሁ። ካሴቶቹ ደግሞ ቡፌው የታችኛው መሳቢያ ውስጥ ናቸው፤ ዘጠኝ ናቸው። አንዱ ላይ በእስክሪብቶ «ሠርግ፣ ጥር 1989» ተጽፏል። የመጀመሪያ ልጃቸው ሠርግ ነው። እዚያ ካሴት ውስጥ የእትዬ ባለቤት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ቆመው ልጃቸውን ይመርቃሉ። ከሞቱ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ድምፃቸው የተቀረጸበት ሌላ ነገር የለም። ዘንድሮ የልጅ ልጃቸው ልታገባ ነው፤ «በሠርጌ ላይ አያቴ ይመርቁኝ፣ ያንን ቅጂ አግኙልኝ» ብላ ቤተሰቡን ይዛለች። እኔም በዚህ ጉዳይ ነው የተጠራሁት ለካ፤ ቡናው ሰበብ ነው።

እንግዲህ አስቡት። ቴሌቪዥኑ ምስልን የሚቀበል ሣጥን ነው። እሱ ቢሞት የላይኛው ቀጭኑ ይተካዋል፤ እሱም ቢሞት ሌላ ይገዛል። ዴኩን የሚተካ ግን የለም። የሚታየውን ይዘን የሚያሳየውን ጣልን። ዳንቴል መልበስ የነበረበት ዴኩ ነበር።

የለም ስል ማጋነን አይደለም። ቪኤችኤስ የምንለው ካሴት በጃፓን ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ለአርባ ዓመት ዓለምን ገዛ። በመጨረሻ ዴክ ሲሠራ የቀረው ፉናይ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ብቻ ነበር፤ እሱም በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ማምረቱን አቆመ። በደህናው ዘመን በዓመት 15 ሚሊዮን ዴክ ይሸጥ የነበረው ይኼው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2015 የሸጠው 750 ሺህ ያህል ነው። ልብ በሉ፣ 750 ሺህ ቀላል ቁጥር አይደለም። ያቆመው ገዢ ስለቀነሰ ብቻ ሳይሆን መለዋወጫ የሚያቀርብለት ስለጠፋም ነው። ከዚያ ወዲህ በዓለም ላይ ያለው ዴክ ሁሉ የተረፈ ዴክ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ የድምፅና የምስል መዛግብት ባለሙያዎች ካቋቋሙት ዓለም አቀፍ ማኅበር ጋር ሆኖ ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ በ2025 አካባቢ ካሴት የሚያጫውተው መሣሪያ እንደ ልብ መገኘቱ ያበቃልና ያላችሁን አሁኑኑ ገልብጡ የሚል። ቀጠሮው ደርሷል።

ካሴቱም ቢሆን ዝም ብሎ አይጠብቅም። ውስጡ ያለው ክር በስስ ፕላስቲክ ላይ በማጣበቂያ የተያዘ የብረት ዝገት ነው ቢባል ውሸት አይሆንም። ማጣበቂያው ያረጃል፣ እርጥበት ሻጋታ ያበቅልበታል። የክረምት እርጥበት የሚገባበት ቤት ውስጥ፣ መሳቢያ ውስጥ፣ በጀርባው ተኝቶ ሃያ ስምንት ዓመት! ዴኩ ውስጥ ደግሞ ሄዱ የተገጠመበት ከበሮ በደቂቃ 1,500 ጊዜ እየተሽከረከረ ክሩን ይታከካል። ሻጋታው ሄዱ ላይ ከወጣ ካሴቱም ዴኩም ይያያዛሉ። «እስቲ ይሠራ እንደሆን እንየው» ብሎ መሞከር ራሱ ቅጂውን ሊያጠፋው ይችላል።

በነገራችን ላይ ካሴት የሚጠፋው በእርጅና ብቻ አይደለም። የኔ ታላቅ ወንድም የእህታችንን ሽምግልና የተቀረጸበትን ካሴት ወስዶ የ1990 ዓ.ም.ን የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ቀዳበት። እንዳይቀዳበት ተብሎ ጥጓ ላይ ያለችው ፕላስቲክ ተሰብራ ነበር፤ እሱ ቀዳዳዋን በፕላስተር ለጥፎ ቀዳ። እስከ ዛሬ ድረስ ሽማግሌዎቹ ገብተው ቁጭ ሲሉ፣ አባታችን «ለምን ጉዳይ መጣችሁ?» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ዚዳን በጭንቅላቱ ያገባል። እህቴ ፈረንሳይን አትወድም።

የእትዬ ወንድ ልጅ ደግሞ ከአሜሪካ የልጁን ክርስትና ቀርጾ ልኮ ነበር። ዘመድ ተጠራ፣ ቡና ተፈላ፣ ካሴቱ ገባ። ምስሉ ቀለም አልባ ሆኖ ወደ ላይ መንከባለል ጀመረ። ዴኩ ተበላሸ ተብሎ ተደበደበ። ዴኩ ምንም አልሆነም። አሜሪካ ኤንቲኤስሲ የሚባል ሥርዓት ነው የምትጠቀመው፤ ምስሉን በ525 መስመር፣ በሴኮንድ 30 ጊዜ ያህል ይሥላል። የእኛው ፓል በ625 መስመር፣ በሴኮንድ 25 ጊዜ ነው። የተለያየ ቋንቋ ነው። ካሴቱ ያኔ ወደ መሳቢያው ተመለሰ፤ ክርስትና የተነሳው ልጅ አሁን ጢም አለው፣ ቤተሰቡ እዚህ አገር ክርስትናውን አላየም። አንድ ሰው እንኳ «ሁለቱንም የሚያነብ ዴክ ይኖር ይሆን?» ብሎ አልጠየቀም። ነበር እኮ! የኛ ነገር እንዲህ ነው፤ አልሠራ ካለ እናስቀምጠዋለን። ማስቀመጥና ማቆየት አንድ ይመስለናል።

ወጣቶቹም ቢሆኑ በኛ ሊስቁ አይገባም። የልጅ ልጅየዋ «እናንተ ዕቃ ታከማቻላችሁ» ብላ ወረፈችን። ያንቺ የዩኒቨርሲቲ ምርቃት ፎቶ የት አለ ብላት ስልኳ ከመሰረቁ በፊት የነበረው ሁሉ ጠፍቷል። ተያይተን ዝም አልን።

ዴክ ፍለጋ መርካቶን ሦስት ቀን ዞርን። ባለሱቆቹ ዴክ ስንላቸው ያዝኑልናል። «ጋሼ፣ እሱን እኮ ለመዳቡ ብለው ፈታትተውታል» አለኝ አንዱ። እውነቱን ነው። ልዋጭ የሚወስደው ዕቃ መጨረሻው ይኼ ነው። ባለ ሻኛው ቴሌቪዥንም ቢሆን እንደዚያው፤ የመዳብ ሽቦው ይወጣና መስታወቱ ሜዳ ላይ ይሰበራል። መስታወቱ እርሳስ ያለበት ነው፤ እርሳስ ደግሞ አፈር ገባ፣ ልጅ እጅ ገባ፣ መርዝ ነው። እትዬ ዳንቴል አልብሰው ማስቀመጣቸው ለሰፈሩ ጤና ሳይሻል አይቀርም።

በአራተኛው ቀን አንድ አሮጌ ጠጋኝ አገኘን። ሱቁ ውስጥ ዴክ በዴክ ላይ ተቆልሏል፤ ሁሉም ሙት ነው። ካንዱ ሄድ፣ ካንዱ ሮለር ወስዶ አንድ ሕያው ዴክ አደረገ። ቺንጋው ጎማ ስለሆነ ከሁሉም ላይ ደርቆ ተበጣጥሶ ነበር፤ ከሌላ ዕቃ ቆርጦ ልክ አበጀለት። ካሴቱን ፈቶ ሻጋታውን አጸዳ። ይኼን ሁሉ ሲያደርግ አንድም ጊዜ አልተቻኮለም። ከሱ በኋላ ይህን ሥራ ማን ያውቃል ብዬ ጠየቅሁት። «ልጄ ሞባይል ነው የሚሠራው» አለኝ።

ከዚያ ዴኩን ተሸክመን አራተኛ ፎቅ ወጣን። ቀጭኑ ቴሌቪዥን ላይ ሰካነው፤ ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጠውንም አያያዝን። እትዬ ነጠላቸውን አስተካክለው ከፊት ተቀመጡ፣ ሰው የሚገባ ይመስል። ምስሉ ዳር ዳሩ እየተንቀጠቀጠ መጣ። አበባ፣ መኪና፣ እንደገና አበባ፣ ሙሽራዋ በልብ ቅርጽ ውስጥ። ሙዚቃ። ሚዜዎች። ሙዚቃ። ከአንድ ሰዓት በኋላ አባትየው ብድግ አሉ። ጋቢያቸውን አስተካክለው እጃቸውን ዘረጉ። አፋቸው መንቀሳቀስ ጀመረ።

ሙዚቃው አላቆመም።

ቀራጩ የምርቃቱን ድምፅ አጥፍቶ ዘፈን አስገብቶበታል። የዚያን ጊዜ ወግ ነው፤ ድምፅ እንዳይረብሽ ይባል ነበር። ሳይቆራረጥ የተቀረጸው የመጀመሪያው ካሴት ቀራጩ ዘንድ ነው የሚቀረው፤ እሱም በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ ሠርግ ይቀዳበታል። ካሴት ውድ ነበርና አልፈርድም። ናሳ እንኳ የመጀመሪያው ሰው ጨረቃ ላይ ሲረግጥ የተላከውን ዋናውን ቴፕ ደምስሶ ለሌላ ሥራ ሳይጠቀምበት እንዳልቀረ በ2009 እ.ኤ.አ. አምኗል። ይህን ለልጅ ልጅየዋ ብነግራት ምን ይጠቅማታል? ስልኳን ለቀረጻ ደግና እንደያዘች እንባዋ መጣ።

ምርቃቱ አራት ደቂቃ ያህል ነው። እትዬ ዓይናቸውን ከምስሉ አልነቀሉም። ከንፈራቸው ከባላቸው ከንፈር ጋር እኩል ይንቀሳቀስ እንደነበር ያየሁት ዘግይቼ ነው። አልቆ አበባው ሲመለስ ወደኔ ዞሩ።

«እንዲህ ወደኋላ ይመለሳል?»

«ይመለሳል፣ እትዬ።»

«መልሰው። ዘፈኑን ዝጉልኝ።» ከዚያ ወደ ልጅቷ፣ «አንቺ ደግሞ ያን ስልክ ቀና አድርገሽ ያዢ፤ የሚሉትን እኔ አውቀዋለሁ።»