ፍሊት የያዘው ወታደር

ሰሞኑን በመካከላችን አንድ ክርክር ተነሥቶ ከረመ። ጣልያን በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ሲወር ለወታደሮቹ ተብለው የታተሙ የቀልድ ፖስት ካርዶች አሉ፤ እነዚህን በዚህች መጽሔታችን እናውጣቸው ወይስ አናውጣቸው? ነው ነገሩ። ገሚሶቹ ጓደኞቻችን «ይኼ እኮ ስድብ ነው፤ የተሰደብነውን ስድብ መልሰን በማባዣ ማሽን ማባዛት ምን ይሉታል?» አሉ። ሌሎቹ ደግሞ «ኧረ ተዉት! ቀልድ ነው፤ ሣዩም ሞቷል፣ ጦርነቱም አልቋል፤ ምን ታካርራላችሁ» ይላሉ። እኛ ከሁለቱም ጋር አንስማማም። ሥዕሎቹ ይታዩ ባዮች ነን። ግን ቀልድ ስለሆኑ ብቻ ሳይጠየቁ ይለፉ የሚለውን አንቀበልም። ልብ ወለድ ሲሆን ይዘቱንና ቅርጹን እየበለትን የምንተች ሰዎች፣ ቀልድ ላይ ስንደርስ ብዕራችንን የምናስቀምጥበት ምክንያት አይታየንም።

በመጀመሪያ ሠዓሊውን እንወቀው። ኤንሪኮ ዴ ሴታ ይባላል። በ1923 ዓ.ም. ሮማ ውስጥ መታተም ከጀመረው «ማርካውሬሊዮ» ከተባለው የቀልድ ጋዜጣ ሠዓሊዎች አንዱ ነበር፤ ኋላም የፊልም ፖስተር በመሣል ታውቋል። እጁ የተባ ነው፤ ይህን መካድ ሂስ አይሆንም። በጥቂት መስመር ሰው ያቆማል፣ ቀለሙ ደማቅ ነው፣ ነገሩ በአንድ ዐይን ጥቅሻ ይገባል። ፖስት ካርድ ደግሞ ሌላ ምን ይፈልጋል? ወታደሩ ከበስተጀርባው ሁለት መስመር ጽፎ ለእናቱ ወይም ለወዳጁ ይልከዋል፤ ሥዕሉ የተቀረውን ይናገርለታል።

ከካርዶቹ አንዱ «አርማሜንቲ» የሚል ርእስ አለው፤ ትጥቅ ማለት ነው። አንድ የጣልያን ወታደር ቆሟል። በእጁ ጠመንጃ የለም። የያዘው እኛ እስከ ዛሬ «ፍሊት» የምንለውን፣ ዝንብና ትኋን የሚረጭበትን ባለ እጄታ መንፊያ ነው። ከፊቱ ያሉት ሐበሾች ናቸው፤ እሱም ይረጫቸዋል። በቃ፣ ቀልዱ ይኸው ነው።

የዘመኑ ተመልካች ይህን መንፊያ ገና ሲያየው ለመሳቅ የተዘጋጀ ነበር ቢባል ስሕተት አይሆንም። ፍሊት የአሜሪካን ኩባንያ የተባይ ማጥፊያ ስም ነው፤ የሚተዋወቀውም በቀልድ ሥዕል ነበር። ከ1920 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ማስታወቂያውን ይሥል የነበረው ኋላ ዶክተር ሱስ በሚል ስም በልጆች መጻሕፍት ዓለም ያወቀው ሰው ነው። መንፊያው ማለት ለቤት እመቤት መገልገያ፣ ለሠዓሊ የተለመደ የሳቅ ዕቃ ሆኖ ነበር። ዴ ሴታ ያደረገው ነገር ቢኖር ዝንቡን አንሥቶ በቦታው ሰው ማስቀመጥ ነው።

እዚህ ላይ «ቀልድ ነው» ባዮቹን ወደ ቀን መቁጠሪያው እንዲመለከቱ እንጠይቃቸዋለን። ወረራው የተጀመረው መስከረም 22 ቀን 1928 ነው። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር በተከዜ አካባቢ በራስ እምሩ ጦር ላይ የሰናፍጭ ጋዝ በአውሮፕላን ወረደ። ጣልያን በመርዝ ጋዝ መዋጋትን የሚከለክለውን የ1917 ዓ.ም. የጄኔቭ ስምምነት ፈርማ ያጸደቀች አገር ነበረች። ሰኔ 23 ቀን 1928 ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው በተናገሩት ንግግር ያሰሙት አቤቱታ አንዱ ይኸው ነበር፤ በአውሮፕላኖቹ ላይ መርጫ ተገጥሞ ሞት እንደ ደቃቅ ዝናብ በሰውም በከብትም በውሃም ላይ እንደ ወረደ ገለጹ። መርጫ! ካርዱ ላይ ያለው ዕቃ እኮ ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ ለስድሳ ዓመት ያህል ሮማ ነገሩን አላመነችም። የታሪክ ጸሐፊው አንጄሎ ዴል ቦካ ማስረጃ እያቀረበ ሲጽፍ ስሙ ጠፋ፤ በጦርነቱ ራሱ የዘመተው ታዋቂው ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊ «አላየሁም፣ አልነበረም» እያለ ሲሟገተው ኖረ። የጣልያን መከላከያ ሚኒስቴር ጋዝ መጣሉን ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው፤ ሞንታኔሊም ያኔ እጁን ሰጠ። ታዲያ መንግሥት የካደውን፣ ጋዜጠኛ የካደውን ነገር አንድ የአምስት ሳንቲም ካርድ በቀለም ሥሎ በየቤቱ በፖስታ ሲያድለው ነበር ማለት ነው። ዴ ሴታ ስለ ጋዙ ሰማም አልሰማም ለእኛ ሂስ ለውጥ አያመጣም። ሳቁ እንዲሠራ ተመልካቹ አስቀድሞ «እነዚህ የሚረጩ ናቸው» ብሎ መቀበል አለበት። ያን የተቀበለ ሰው ደግሞ አውሮፕላኑ የጣለውን ሲሰማ የሚደነግጥበት አንጀት ከየት ያመጣል?

ሌላው ካርድ ፖስታ ቤት ነው። ወታደሩ አንዲት ሐበሻ ሴት እንደ ዕቃ ጠቅልሎ መስኮቱ ዘንድ አምጥቷል፤ ለወዳጁ ከምሥራቅ አፍሪካ ማስታወሻ ሊልክለት ነው። ስለዚህኛው ብዙ መናገር አንፈልግም፤ ያየው ያውቀዋል። የሚገርመው የኋላው ነው። በሚያዝያ 1929 ያው መንግሥት ጣልያናዊ ከቅኝ ግዛቱ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ እስራት የሚያስቀጣ ሕግ አወጣ። በ1930 ደግሞ «ላ ዲፌዛ ዴላ ራሳ» የሚባል ባለሥዕል መጽሔት፣ ማለትም የዘር መከላከያ፣ ሽፋኑ ላይ የሰው ራሶችን ደርድሮ በመካከላቸው ሰይፍ አሥሎ ወጣ። ከሳቁ እስከ ሰይፉ ሁለት ዓመት ብቻ! ሴቲቱ በሁለቱም ሥዕል አትናገርም።

ነገሩ የጣልያን ብቻ ፈጠራ አይደለም። የጦርነት ጊዜ የቀልድ መጽሔት በመላው አውሮፓ የነገሠው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። ፊሬንዜ ውስጥ ይታተም የነበረው «ኢል 420» የተባለው የቀልድ ሳምንታዊ ስሙን ያገኘው ከጀርመኖቹ 420 ሚሊሜትር መድፍ ነው፤ ይኸው መጽሔት ኖሮ ኖሮ ለኢትዮጵያም ጦርነት ደረሰ። «ላ ዶሜኒካ ዴል ኮሪዬሬ»ም ነበር፤ የሽፋኑ ሠዓሊ አኪሌ ቤልትራሜ ከሚላኖ እምብዛም ሳይወጣ፣ ፎቶግራፍና ቴሌግራም እያየ የዓለምን ጦርነት ሁሉ የሣለ ሰው ነው። (በወሬ ብቻ ሂስ የሚጽፉ ጓደኞቻችን ይህን ሲያነቡ ደስ ሳይላቸው አይቀርም።)

ታዲያ በዚያው ዘመን ሌላ ዓይነት ሳቅም ነበር። እንግሊዛዊው መኮንን ብሩስ ቤርንስፋዘር በምሽግ ውስጥ ሆኖ ጢሙ የተንጨባረረ፣ የሰለቸው፣ ጭቃ የዋጠው አንድ ሽማግሌ ወታደር ፈጠረ። በ1908 ዓ.ም. በወጣው ዝነኛ ሥዕሉ ሁለት ወታደሮች ጥይት በሚዘንብበት ጉድጓድ ውስጥ ተወሽቀዋል፤ አንደኛው ሲያማርር ሌላው «የተሻለ ጉድጓድ ካወቅህ ሂዳ» ዓይነት መልስ ይሰጠዋል። ጀርመኑ እዚያ ሥዕል ውስጥ የለም። የሚሳቅበት ራሱ ሣቂው ነው። የለንደኑ «ፓንች» መጽሔት ደግሞ በነሐሴ 1927፣ ወረራው ሊጀመር ሁለት ወር ሳይሞላው፣ እንግሊዝንና ፈረንሳይን ሙሶሊኒ ፊት አቁሞ አዘፈናቸው። ጦርነት ብትከፍት ወየውልህ፤ ምናልባት በጋራ ሆነን ቅር መሰኘታችንን የሚገልጽ ለስለስ ያለ ማስታወሻ እንጽፍብህ ይሆናል ይላሉ። ይህ ቀልድ ዛሬም ያስቃል፤ ሣቃችን ሲያልቅ ደግሞ ይመርራል፤ ምክንያቱም የሆነው ልክ እንደዚያ ነው። ሠዓሊው የቀለደው በገዛ መንግሥቱ ነው፤ መንግሥቱም ሥዕሉን አይቶ መልስ መስጠት ይችል ነበር። ዴ ሴታ የሣላቸው ሰዎች ግን ካርዱ የሚላክበት አድራሻ ዝርዝር ውስጥ አልነበሩም።

ስለዚህ አድራሻቸው ይስተካከል ብለን፣ ከመካከላችን የእንጭኒ ልጆች የሆንን ለዕረፍት ስንሄድ የካርዶቹን ቅጂ ይዘን ሄድን። ያሳየናቸው አንድ ሽማግሌ የተወለዱት ከነጻነት በኋላ ነው፤ አባታቸው ግን በጠላት ዘመን ጫካ ከገቡት ናቸው። አማርኛውን በኦሮምኛ እያዋዙ ያወራሉ። መነጽራቸውን አደረጉና የፍሊቱን ካርድ ረጅም ጊዜ አዩት። አልሳቁም፤ አልተቆጡምም። «ልጆቼ፣ ይኼ ሶላቶ ብቻውን ነው እንዴ የመጣው?» አሉን። «አይ አባባ፣ ቀልድ ስለሆነ ነው» አልናቸው። «እሱስ ይሁን፤ አስካሪውስ? ባንዳውስ የት ሄደ? አባቴ ሲያወራ መጀመሪያ የሚመጣው አገር የሚያውቀው ነው።»

እኛ ካርዱን ስንት ጊዜ አገላብጠን ያላየነውን አዩት። ጣልያን ከኤርትራ፣ ከሶማሊያና ከሊቢያ ያሰለፈው ጦር በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ነበር፤ ብዙውን ጊዜ ከፊት የሚቀድመውና ከፊት የሚሞተውም እሱ ነበር። በቀልዱ ውስጥ ግን አንድ ነጭ ወታደርና አንድ መንፊያ ይበቃሉ። ሥዕሉ የሚገደለውን ብቻ አይደለም ያሳነሰው፤ አብሮት የተዋጋለትንም ጭርሱን ፍቆታል።

የፋቀው ሌላም አለ። ከእንጭኒ ብዙም በማትርቀው ሆለታ በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች የሚመራ የጦር ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነበር። ወረራው ሲመጣ ትምህርታቸውን ገና ያልጨረሱት ወጣቶች፣ የእኛ እኩዮች ማለት ነው፣ ከከተማው መያዝ በኋላ ወደ ምዕራብ ወጥተው የጥቁር አንበሳ ማኅበር አባላት ሆኑ። ማኅበሩ ዐሥር አንቀጽ ያለው ደንብ ነበረው፤ ገበሬን አታንገላቱ፣ ምርኮኛን አታሰቃዩ የሚል በደንቡ ውስጥ ነበር። ሠዓሊው ዝንብ ያደረገው ሰው ለምርኮኛው ደንብ ያወጣ ነበር።

«የእኛስ ሠዓሊዎች?» የሚለን ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የአድዋን ድል የሣሉ ሠዓሊዎቻችን ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል የወረሱት ሕግ ነበራቸው። የእኛ ሰው ፊቱን ወደ ተመልካች መልሶ በሁለት ዐይኑ ያያል፤ ጠላት በጎን ተሥሎ አንድ ዐይን ብቻ ይኖረዋል፤ ይሁዳም የሚሣለው እንደዚሁ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከላይ ፈረሱን ይጋልባል። ይኼ አድልዎ ነው፤ አንክድም። ሆኖም ሥዕሎቹን ቆም ብሎ ያየ ሰው የጠላት ሰልፍ ከእኛው ሰልፍ ያነሰ ሆኖ አያገኘውም። መድፉ አለ፣ ጠመንጃው አለ፣ ባንዲራው አለ፣ መኮንኑ አለ፤ ሰው ሆኖ ይዋጋል፣ ሰው ሆኖ ይወድቃል። ደግሞስ የተረጨ ተባይ ቢሆን ኖሮ የካቲት 23 ምን ያከብረን ነበር?

በሥዕል ያልሣልነውን በቃል ሥለነዋል። ጣልያን ከአገሬው የመለመላቸውን ጭፍሮች «ባንዳ» ሲል በቋንቋው ቡድን ማለቱ ነበር። ሕዝቡ ቃሏን ከአፉ ነጥቆ ፊትና ጠባይ ሰጣት፤ ዛሬ ሰው በእሷ ሲሰደብ ጣልያንኛ መሆኗን የሚያስታውስ የለም። በእኛ ግምት ከዴ ሴታ ካርዶች ሁሉ በላይ የተዋጣላት ካሪካቸር እሷ ነች፤ የምትወጋውም የራሳችንን ሰው ነው። ጌረርሳውም ፉከራውም ከዚሁ አይርቅም፤ ጀግናን ሲያሞግስ ፈሪውን በስሙ ጠርቶ ያዋርዳል፤ ያም ፈሪ የጎረቤት ልጅ ነው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያትም በ1913 ዓ.ም. «ፋቡላ»ን ሲጽፉ ሰውን አውሬ አድርገው ነበር፤ ግን አውሬ ያደረጉት በዘመኑ በሥልጣን ላይ የነበሩትን ነው። ለዚህም ነው ቴአትሩ የታገደው።

ይህን ሁሉ ያስነሣን የድሮ ካርድ መሰብሰብ ስለምንወድ አይደለም። ባለፉት ዓመታት በአገራችን ጦርነት በነበረበት ወቅት በስልክ ሲዘዋወሩ የነበሩትን ሥዕሎች ሁላችንም አይተናል። ከየወገኑ ይወጡ ነበር። ሌላው ወገን ጅብ፣ እባብ፣ ምስጥ፣ ተባይ ሆኖ ይሣላል፤ ሥሩ ላይ በዕንባ የሚስቅ ፊት ይደረደራል። ከሣዮቹ መካከል እጃቸው የተባ፣ መስመራቸው ያማረ አሉ። አንዳንዶቹ የዚህ ግቢ ተማሪዎች ናቸው ይባላል። ይህን ሂስ የጻፍነው እነሱም ያነቡታል ብለን ነው። «አርማሜንቲ»ን ሲያዩ የት ቦታ ቆመው እንደሚያዩት፣ ከመንፊያው በስተኋላ ነው ወይስ በስተፊት፣ ቢጽፉልን በሚቀጥለው እትም ቦታ እንሰጣቸዋለን።

ስለ ሥዕሉ መውጣት የተነሣው ክርክር ያለቀው እንዲህ ነው። ከብዙ ንትርክ በኋላ ይውጣ ተባለ፤ ከመካከላችን ሥዕል የሚችለው ልጅ በስቴንስሉ ላይ በብረት ብዕር ጫረው። ስቴንስል መስመር እንጂ ሙሉ ጥቁር አይችልም፤ ቦታው ሰፋ ሲል ሰሙ ይቀደድና ቀለሙ ይፈስሳል። የመጀመሪያው ወረቀት ሲወጣ ወታደሩ ከነባርኔጣው ጥርት ብሎ ታየ፤ መንፊያውም አምሮበታል። የሐበሾቹ ፊት ግን ቀለም ጠጥቶ አንድ ጥቁር እድፍ ሆነ፤ ዐይናቸው የት እንደነበር አይለይም። ሁለተኛ ስቴንስል አበላሸን፤ ያው ሆነ። ሦስተኛ የምንገዛበት ገንዘብ አልነበረንም። ከዚህ ገጽ ግርጌ ባዶውን የቀረው ቦታ የሥዕሉ ነው።