ስለ መንዝ ጦስኝ የተደረጉትን ምርመራዎች በሚመለከት አጭር ሐተታ

በመንዝ ደጋ፣ የጓሳ ሣር ምድሩን በሸፈነበት ከ3,200 ሜትር በላይ ባለው ቦታ፣ ጦስኝ የተባለው መልካም ሽታ ያለው ቅጠል ይበቅላል። አገሬው ለጉንፋንና ለሳል አፍልቶ ይጠጣዋል፤ አድርቆም በበርበሬና በሽሮ ይጨምረዋል። ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይበቅለውን ይህን ዝርያ የአገራችን የኬሚስትሪ ሊቃውንት በላቦራቶሪ መርምረውታል።

ከሥራቸው ሁሉ የምናደንቀው የዘይቱን ትንተና ነው። ቅጠሉን ከውሃ ጋር አፍልተው እንፋሎቱን ሲያቀዘቅዙ ዘይት ያገኛሉ፤ በዘይቱም ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚበዙት ቲሞልና ካርቫክሮል ናቸው። ሁለቱም 10 ካርቦን፣ 14 ሃይድሮጅንና 1 ኦክሲጅን አላቸው፤ የሚለያዩት በአቀማመጥ ብቻ ነው። በአንዱ ናሙና አንደኛው፣ በሌላው ናሙና ሁለተኛው ይበዛል።

ቅር የሚያሰኘን መደምደሚያው ነው። ብዙዎቹ ጽሑፎች ዘይቱ በሰሐን ላይ ባክቴሪያ መግደሉን ካሳዩ በኋላ የሕዝቡ መድኃኒት እንደ ተረጋገጠ ይናገራሉ። ነገር ግን የመንዝ ሰው የሚጠጣው ዘይት ሳይሆን ቅጠሉ የፈላበትን ውሃ ነው። ቲሞል በውሃ የሚሟሟው በጥቂቱ ነው፤ ከፊሉም በሽታው ይተናል። ስለዚህ የዘይቱ ምስክርነት ለሻይ አይበቃም።

ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ. ኤ. አ. በዓድዋ የሄዱበትን መንገድ እናስታውስ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ ጥያቄያቸውም የተነሣው ከዚያው ከእጥበቱ ውሃ ነበር። ላቦራቶሪው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

በክረምት ዕረፍት ወደ መንዝ የሚወጣ ተማሪም አስቀድሞ ቅጠሉ በምን ያህል ውሃ ለስንት ደቂቃ እንደሚፈላ ይጠይቅ፤ እንዲሁ አፍልቶ ያንኑ ውሃ ይመርምር። የለቀመበትን ቦታና ወር፣ አበባ መያዝ አለመያዙንም ይጻፍ።

ነገሩ የወረቀት ክርክር ብቻ አይደለም። ከመቶ ግራም ደረቅ ቅጠል የሚወጣው ዘይት ጥቂት ግራም ነው። የጓሳን መሬት እስከ 1967 ዓ. ም. የመሬት ዐዋጅ ድረስ የቄሮ ሥርዓት ሲጠብቀው ቆይቷል፤ ዛሬም ሕዝቡ በራሱ መተዳደሪያ ደንብ ይጠብቀዋል። ሻዩ ለሚሠራው ሥራ ዘይቱ ተመስግኖ ገበያ ቢወጣለት፣ ተራራው ያለ በቂ ማስረጃ ይራቆታል። ተመራማሪዎቻችን ይህን አስበው መደምደሚያቸውን በመረመሩት ነገር ልክ ቢወስኑት መልካም ይመስለናል።